ባሕሩ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል

ሞምባሳ ድረስ ሄዶ ባሕሩን ማጣት ይቻላል። የምሬን ነው። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ለሁለት ቀን ብላችሁ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ፣ ጠዋት ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ ፎጣ ትከሻችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ ወደ ዳርቻው ስትወርዱ የሚጠብቃችሁ እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይና የባሕር ሣር ሊሆን ይችላል። ናይሮቢ ያሉ ወዳጆቼ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ሙቀቱ ሲመክሩኝ ሰነበቱ። ይሄን የነገረኝ ግን የለም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ፤ ሞምባሳ ልትሄዱ ስታስቡ ከሆቴሉ በፊት ጨረቃዋ ሙሉ ናት ወይስ ግማሽ የሚለውን እዩ።

ሳቃችሁ አይደል? ይገባኛል። እኔም ያደግኩት ደጋ ነው። ውሃ ዳር እንሂድ ሲባል ላንጋኖ ነው፣ ሐዋሳ ነው፣ ገንዘብ ሲኖር ደግሞ ባሕር ዳር ነው። ሐይቅ ሰው አያሳፍርም። ማታ የተውከው ቦታ ጠዋት ታገኘዋለህ። ውሃ ቀጠሮ አለው ብሎ ነገር እኛ አናውቅም።

ናይሮቢ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሞምባሳን ግን «ለገና»፣ «ለፋሲካ» እያልኩ ሳራዝም ነው የኖርኩት። ያንቀሳቀሰችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ለኛ ፓስፖርት የኬንያ ቪዛ ስለማያስፈልግ አንድ ቀን ድንገት ደውላ «ልመጣ ነው» አለች። አዲስ አበባ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ መርከብ ነው፤ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ «ኮንቴነሩ ጅቡቲ ገባ ወይ»፣ «ሞጆ ደረሰ ወይ»፣ የዲመሬጅ፣ ማለትም ኮንቴነር ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት፣ ጭቅጭቅ። የመርከብ ስም በቃሏ ታውቃለች። መርከብ ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ባሕርም እንደዛው።

«አንቺ ያለሽበት አገር ባሕር አለው አይደል?» አለችኝ። «እንግዲህ አሳዪኝ።»

ምን ልበላት። ቀኑን የወሰነው የእሷ የዓመት ፈቃድ ነው። ሳናስበው የረመዳን አጋማሽ ላይ ወደቀ። ሁዳዴም ገብቷል። እኛ ጾመን ዓሣ ወደሞላበት ከተማ፣ ከተማው ደግሞ ራሱ ጾሞ። እናታችን በስልክ ስትሰማ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለችው፤ «ዓሣውን እንዳትነኩ፣ አደራ ውሃው ውስጥም እንዳትገቡ።» ታዲያ ምን ልንሠራ ነው የምንሄደው?

መሄጃው ላይ ሐሳቤ አንድ ነው፤ ባቡሩን ያዙ። አውሮፕላንም አለ፣ የሌሊት አውቶቡስም አለ፣ ግን ባቡሩን። ቻይናዎች የሠሩት አዲሱ መስመር ነው፣ በፈረንጆቹ 2017 ነው ሥራ የጀመረው (ከዚህ በኋላ ያለውም ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ ርዝመቱ ወደ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከናይሮቢ የሚነሳው ማታ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ሞምባሳ ይገባል። ተራው ወንበር 1,500 የኬንያ ሽልንግ ነው። ትኬቱ በስልክ ይቆረጣል፣ በኤምፔሳ ይከፈላል። ለአርብ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ካልቆረጣችሁ እርሱት።

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ስዮኪማው። ፍተሻው ረጅም ስለሆነ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሻንጣችሁን መሬት ላይ በመስመር ትደረድራላችሁ፣ እናንተ ራቅ ብላችሁ ትቆማላችሁ፣ ከዛ ውሻ እየመጣ አንድ በአንድ ያሸታል። የእህቴ ቦርሳ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ሁላችንም ዝም አልን። አንዴ አሸተተ፣ ደገመው፣ ከዛ አለፈ። ቦርሳው ውስጥ ያለው ቆሎ ነው፤ አሽሙቅ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ከእናታችን የተላከ። «የቤት ሽታ ሸቶት ነው» አለች እህቴ፣ ፊቷ ግን ነጭ ሆኖ ነበር።

ናይሮቢ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ባቡሩ ያን ሁሉ ከፍታ አምስት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ጃኬት ለብሰን ተሳፈርን፣ ኤማሊን አለፍ ስንል ጃኬቱ ወለቀ፣ ምቲቶ አንዴይ ስንደርስ ጸጉራችን ወደ ላይ ታሰረ። ከዛ ጻቮ ነው። ሐዲዱ ፓርኩን እየቆረጠ ነው የሚያልፈው፤ ለአውሬው መሿለኪያ ተብሎ ከፍ ያለ ድልድይ በየቦታው ተሠርቷል። ዝሆኖቹን መጀመሪያ ያየቻቸው እህቴ ናት። «ቀይ ናቸው!» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። እውነትም ቀይ ናቸው። የጻቮ አፈር ቀይ ነው፣ ዝሆኑ ደግሞ ትንኝና ፀሐይ እንዳይነካው አፈር እያነሳ ጀርባው ላይ ይረጫል፣ ከዛ የአፈሩን መልክ ይይዛል።

እንግሊዞች የድሮውን ባቡር የዘረጉትም በዚሁ ነው። ከሞምባሳ በ1896 ጀምረው በ1899 ናይሮቢ ደረሱ፤ ናይሮቢ ራሷ ያኔ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነበረች። በ1898 እዚህ ጻቮ ወንዝ ላይ ድልድይ ሲሠሩ ሁለት አንበሶች ሠራተኞቹን እየነጠቁ ወራት ሙሉ አስጨነቋቸው። ይሄን ለእህቴ ስነግራት መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይከፈትም።

ፊት ለፊታችን ቡይቡይ የሚባለውን ረጅም ጥቁር ልብስ የለበሱ እናት ሁለት ልጆች ይዘው ተቀምጠዋል። ተራው ወንበር ፊት ለፊት ነው፣ ጉልበት ለጉልበት፣ መሐል ትንሽ ጠረጴዛ አለ። ቮይ አካባቢ ፀሐይ ስትገባ እናትየው ከቦርሳቸው ፕላስቲክ ዕቃ አወጡ፤ ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ በፔርሙዝ ሻይ። ስልካቸውን እያዩ ጠበቁ። ከዛ አንድ ቴምር አፋቸው ከመክተታቸው በፊት ዕቃውን ወደኛ ገፋ አደረጉት። ሳምቡሳው ሥጋ ስላለው አልነካንም። እኛም ጾመኛ መሆናችንን በተሰባበረ ስዋሂሊ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ቴምሩን ግን ወሰድን። እህቴ ወዲያው ቆሎዋን አወጣች። እናትየው ሱፉን ለየት አድርገው አዩት፣ ትንሿ ልጅ ሽምብራውን ብቻ እየለቀመች ጨረሰችው። በባቡሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ዕቃ ሲከፈት፣ ቴምር ሲዘዋወር፣ ሻይ ሲቀዳ ይታያል። በግራ በኩል ባለው መስኮት ጨረቃ ሙሉ ሆና ወጥታ ነበር። ያኔ ቆንጆ ናት ብለን ፎቶ አነሳናት እንጂ የነገውን ፕሮግራማችንን እሷ እንደምትወስን ማን አወቀ።

ሞምባሳ ጣቢያው ሚሪቲኒ ነው፣ እሱም ከከተማው የራቀ። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ገባ። ሌሊት ነው እኮ፣ ግን ልብሳችን ሰውነታችን ላይ ተጣበቀ። የታክሲ ሰዎች ይከቡሃል፣ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ያው የትም አገር ያለ ነው። ሞምባሳ ደሴት ናት። የካውንቲው ሕዝብ በ2019 ቆጠራ ከ1.2 ሚሊዮን ያልፋል፤ አሮጌው ከተማና ዋናው ገበያ ደሴቱ ላይ ነው፣ የመዝናኛው ዳርቻ ደግሞ ደሴቱን ተሻግሮ ነው። በሰሜን በኩል የኛሊ ድልድይ አለ፣ በደቡብ በኩል ግን የመኪና ድልድይ የለም፣ የሊኮኒ ጀልባ ነው። እኛ ያረፍነው ኛሊ፣ አንድ ትንሽ አፓርታማ ውስጥ ነው።

የግቢው ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። ማታ ቁልፍ ሲሰጡን «ነገ ባሕር ትወርዳላችሁ?» አሉ። አዎ አልናቸው። «ጠዋት የለም» አሉ። «አራት ሰዓት ላይ ውሃው ሩቅ ነው። የሚመለሰው ሳአ ኩሚ ነው።» ኩሚ አሥር ነው። እኔ ናይሮቢ ሥራዬ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጭንቅላቴ ውስጥ ስድስት መደመርና መቀነስ ጀመርኩ። እህቴ የእጅ ሰዓቷን አየችና «አሥር ሰዓት፣ በቃ አሥር ሰዓት ነው» አለች። ሰዓቷ እንደ አዲስ አበባ፣ በኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓት የሚቆጥረው ከጎሕ ጀምሮ ነው፣ እንደኛው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እያለ። ሁለታችንም ከምድር ወገብ ብዙ የራቅን ስላልሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳትዘገይ፣ ብዙም ሳትቸኩል ትወጣለች፣ ታዲያ ከሌላ ከየት ይቆጠራል? በዚያ ቅዳሜና እሁድ ሰዓት መለወጥ ያስቸገረኝ እኔን ብቻ ነው።

ጥበቃውን አላመንናቸውም ማለት አልፈልግም፣ ግን ጠዋት ወረድን።

ባሕሩ የለም። እርጥብ ሜዳ ነው ያለው፤ አሸዋ፣ ኩሬ፣ ጥቁር የኮራል ድንጋይ፣ ጀልባዎች በሆዳቸው አሸዋው ላይ ተጋድመው። ሩቅ ላይ ነጭ መስመር ይታያል፤ ማዕበሉ የሚሰበርበት የኮራል ጥግ ነው። እህቴ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ይሄ ነው?» አለች። አዲስ አበባ ላሉት የቢሮ ጓደኞቿ በቪዲዮ ልታሳይ ደውላ ነበር፤ ስልኩን ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ ውሃውን ትስባለች፣ በዚህ የተነሳ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ፀሐይም በዚያው መስመር ስለምትስብ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሞምባሳ ላይ ከሦስት ሜትር ያልፋል። ሦስት ሜትር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ ውሃው ሦስት ሜትር ዝቅ ሲል ወደ ኋላ የሚሸሸው በመቶ ሜትሮች ነው። ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር አጋማሹ ሁሌም ሙሉ ጨረቃ ነው። የኛ ጉዞ ደግሞ በመጋቢት ነበር፣ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ጊዜ ነው፣ የውሃው ምልልስ ከዓመቱ ትልልቆቹ የሚሆነው ያኔ ነው። ጨረቃ ግማሽ በሆነች ሳምንት የሄደ ሰው «ባሕሩ የት ይሄዳል፣ እዛው ነው» ቢላችሁ አትከራከሩት፤ እሱም እውነቱን ነው።

እና ምን አደረግን? ሄድንበት። አንድ ጀልባ ያለው ሰውዬ ፕላስቲክ ጫማ አከራየንና እየመራ ወሰደን። ጫማው ግዴታ ነው፤ ኩሬዎቹ ውስጥ እሾኻም ጥቁር ፍጥረት አለ፣ ከረገጣችሁት እሾኹ እግራችሁ ውስጥ ይሰበራል። ሰውዬው እጁን ሰዶ ድንጋይ ገለበጠ። ከሥር ቀይ ባለ አምስት ክንድ የባሕር ኮከብ አለ። እህቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠላት፣ እሷ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ከታች ብታዩት በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን እግሮች አሉት፣ እያንዳንዱ እየተንቀሳቀሰ የእጇን ቆዳ ይፈልጋል። «ይስባል» አለች ሹክ ብላ። ሰውዬው ቶሎ መልሶ ውሃው ውስጥ አስገባው፤ ከውሃ ውጭ ብዙ አይቆይም አለን። ድንጋዩንም እንደነበረ አድርጎ መለሰው። ያቺን ድንጋይ የመለሰበት ጥንቃቄ ደስ አለኝ። ውሃው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ይሄን አናይም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ፣ እንደተባለው፣ ባሕሩ መጥቶ ነበር። ጠዋት የቆምንበት ቦታ ላይ ሰው ይዋኛል። ግመል የሚያከራዩ ልጆች መጡ፤ እህቴ ሞምባሳ ድረስ መጥቼ ግመል አልቀመጥም፣ አፋር ቅርቤ ነው ብላ አሰናበተቻቸው። እናታችን አትግቡ ያለችው ነገር አለ፣ ሹሩባውም ገና አዲስ ነው፣ ሦስት ሰዓት ተቀምጣ የተሠራችው። እስከ ጉልበት ብቻ አለች። ከዛ እስከ ወገብ ብቻ። ከዛ አንድ ማዕበል መጣና ውሳኔውን ወሰነላት። ስትወጣ መጀመሪያ ያለችው «በጣም ጨው ነው» ነው። ጨው እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ግን ዓይንህ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። ውሃው ደግሞ ይሞቃል። ማንም አሙቆ ያላስቀመጠው ውሃ ሲሞቅ ለደጋ ሰው ትንሽ ያስጠረጥራል።

ብዙ ሰው ሞምባሳ ሄድኩ ሲል ኛሊ ወይም ባምቡሪ ሆቴል ውስጥ ገንዳ ዳር ተኝቶ ተመልሷል ማለት ነው። መብቱ ነው። ለኔ ግን ከተማዋ ደሴቱ ላይ ናት፣ አሮጌው ከተማ። ቀን ከሆነ በረመዳን በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ በነጭና በሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ፣ የተቀረጸ የእንጨት በር፣ ወደ ላይ ሰገነት፣ ጥላ ላይ የተኛ ድመት። ምግብ ቤት ፈልጎ መንከራተት አያስፈልግም፣ ጠብቁ። እኛ የደረስነው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መንገድ ዳር ጠረጴዛ እየተዘረጋ ነበር። ትልልቅ ብረት ድስት፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ግን የሚበላ የለም፤ የሚጠብሱትም፣ የሚገዙትም፣ ልጆቹም ይጠብቃሉ። ከዛ አዛን። ከዛ ጫጫታ።

እዚህ ላይ ነው ሁዳዴ የረዳን። ይሄ ከተማ ኮኮናት በሁሉ ነገር ውስጥ ይጨምራል፣ ስለዚህ ጾመኛ ሐበሻ እንደ ልቡ ይበላል። ቪያዚ ካራይ የሚሉት ድንች አለ፣ በዱቄት ተለውሶ፣ ቢጫ ሆኖ የተጠበሰ፣ ከላዩ የሮቆ (ታማሪንድ) መረቅና በርበሬ ይፈስበታል። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ምባዚ አለ፣ እርግብ አተር ነው፤ በሄልና በኮኮናት የተቦካ ማሐምሪ ከሚባል ጥብስ ሊጥ ጋር ይበላል። በባጃጅ ስናልፍ ደግሞ ማማ ንጊና መንገድ ላይ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት እያዩ፣ ከትልልቅ የባኦባብ ዛፎች ሥር የተጠበሰ ካሳቫ በሚጥሚጣና በሎሚ ይሸጣሉ። ሁሉም የጾም ነው። እህቴ እየበላች ለእናታችን ደወለች፣ «እማዬ፣ እዚህ አገር ሁዳዴ ዓመቱን ሙሉ ቢሆን አይከብድም» አለቻት። እናታችን ማን ሠርቶት ነው፣ ዘይቱ ምንድን ነው እያለች መመርመር ጀመረች።

ቡናውን ግን ሳልተች አላልፍም። የነሐስ ጀበና ነው፣ ሾጣጣ፣ ከሥሩ ከሰል ያለበት፤ ሻጩ ይዞት ይዞራል። ሲኒው እጀታ የለውም፣ ልክ እንደኛው ነው፣ በጣም ደስ ብሎን ተቀበልን። ዝንጅብል አለበት። ስኳር የለውም፣ የሚጠጣው ከሐልዋ ጋር ነው። ቡናው ሳስ ይላል። ይሄን ስል ማንንም ለማስቀየም አይደለም፣ ሦስት ሲኒ ጠጥቻለሁ፣ አንድ ሲኒ በሳንቲም ደረጃ ነው፣ ግን ቡና ስትሠራ ያደገች ሴት ፊት ይሄ ቡና ሁለተኛ ነው፤ ሦስተኛም ሊሆን ይችላል።

እሁድ ጠዋት ፎርት ጂሰስ ሄድን። ሰው ምሽግ ምን ያደርግልኛል ይላል፣ እኔም ታሪክ ሲበዛ ይደክመኛል፣ ይሄኛው ግን ሐበሻን ይመለከታል። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ነው የገነቡት፣ ከኮራል ድንጋይ፣ ንድፉ የአንድ ጣሊያናዊ ነው። ከዛ በፊት በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ እዚህ መጥቶ ሞምባሳዎች ፊት ነስተውት ወደ ማሊንዲ ሄዷል። ልጁን እናውቀዋለን። ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ነው፤ በ1541 ከ400 ገደማ ወታደሮች ጋር በምጽዋ ገብቶ ከግራኝ አሕመድ ጋር ሲዋጋ በ1542 የተገደለው። አባቱን ሞምባሳ አላስጠጋችውም፣ ልጁ እኛ አገር ቀረ። ሌላም አለ። በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ፖርቱጋሎች ላይ ተነስቶ ምሽጉን ያዘባቸው፤ በ1632 ደግሞ ፋሲል ነገሠ፣ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ማባረር ጀመረ። ሁለቱ ተማክረው አይደለም፣ ግን አንድ ዓይነት እንግዳ በአንድ ዘመን ሁለት ቤት ውስጥ ሰልችቷል ማለት ነው።

ኦማኖች ምሽጉን ከ1696 እስከ 1698 ከብበው ነው የያዙት። ከበባውን ሊሰብር የመጣ አንድ የፖርቱጋል መርከብ በ1697 እዛው ፊት ለፊት ሰጥሟል፤ ከውስጡ የወጣው ዕቃ ሙዚየሙ ውስጥ አለ። በኋላ እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት፣ እስከ 1958። አሁን የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ ከ2011 ጀምሮ። እኔን የያዘኝ ግን ግድግዳው ነው። ወታደሮቹ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ግድግዳው ላይ የሳሉት ሥዕል ተጠብቆ አለ፣ የሳሉት ደግሞ መርከብ ነው። ይሄ ሁሉ ድንጋይ፣ መድፍ፣ ሁለት ዓመት ከምናምን ከበባ፣ እና ሰዎቹ ያሰቡት መሄጃውን ነው።

መሄጃው ደግሞ በነፋስ ነበር። ከምሽጉ ጎን ያለው አሮጌው ወደብ የጀልባዎቹ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚነፍሰው ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ከዓረብና ከሕንድ ነጋዴ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከሚያዝያ በኋላ ኩሲ ይነሳና ይመልሳቸዋል። ኩሲ እስኪነሳ ወራት መቀመጥ ነው። ሲቀመጡ ያገባሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ መስጊድ ያቆማሉ። የአሮጌው ከተማ በሮች ለምን እንደዛ ተጊጠው እንደተሠሩ ያኔ ገባኝ፤ ለመቆየት የተገደደ ሰው ቤት ነው።

ሞይ አቬኑ ላይ ያሉትን ትልልቅ የዝሆን ጥርስ ቅርጾች ፎቶ አነሳን። አልሙኒየም ናቸው፣ በ1950ዎቹ ለእንግሊዝ ንጉሣውያን ጉብኝት የተሠሩ። ፎቶ ነው፣ ሌላ የለውም።

ሊኮኒን ግን እንዳታልፉት። ማንም እንደ መስህብ አይቆጥረውም፤ ደሴቱንና ደቡቡን የሚያገናኝ የጀልባ መሻገሪያ ነው፣ ለእግረኛ ነፃ ነው። በር ሲከፈት ሰው፣ ብስክሌት፣ ጋሪ፣ መኪና አብሮ ይገባል። መንገዱ ሁሉ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው። እኛ ስንደርስ ግን ጀልባው ቆሞ ነበር፣ ሰው ተሰብስቧል፣ የሚያጉረመርም ግን የለም። ምን እንጠብቃለን ብዬ ሳልጨርስ ከግራ በኩል መርከብ ገባ።

ከኮንዶሚኒየም ብሎክ ይረዝማል፣ ወለሉ ሁሉ ኮንቴነር የተደረደረበት፣ እና ድምፅ የለውም። በጠባቡ መግቢያ ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ ሲያልፍ ቅርብ ስለሆነ የዛገው ቦታ ሁሉ ይታያል። እህቴ የሰው ትከሻ ይዛ ወደ ፊት ወጣች። «ማርስክ» ትላለች፣ «ኤምኤስሲ፣ ኤምኤስሲ፣ ያኛው ሲኤምኤ ነው፣ ያኛው አርባ ጫማ ነው፣ ሪፈር ነው እሱ፣ ማቀዝቀዣ ያለው»። አጠገቧ ያለው ጋሪ ገፊ የወደብ ሠራተኛ መስላው በስዋሂሊ ጥያቄ ጠየቃት። እሷ በአማርኛ መለሰችለት፣ ሁለቱም ተግባቡ። ስንት ዓመት በወረቀት ላይ ብቻ የምታውቀው ነገር ነው። መርከቡ አልፎ ጀልባው ሲንቀሳቀስ አሁንም ዞራ ታያለች። «ይሄ ሁሉ ዕቃ» አለች፣ «ይሄ አንዱ ብቻ እኮ ነው፤ እኔ አንድ ኮንቴነር ቆመብኝ ብዬ ነው እንቅልፍ የማጣው።»

እኔ ባሕር ሳሳያት ዋልኩ፣ እሷ ግን የመጣችው ለዚህ ነበር። ተሻገርን፣ ወዲያው ተመለስን፣ ነፃ ስለሆነ ደግመን ተሻገርን። ሌላ መርከብ አልመጣም።

የእሁድ ማታው ባቡር አራት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሌሊቱን ሄዶ ገና ሳይነጋ ናይሮቢ ይጥላችኋል፣ ሰኞ ሥራ ያለበት ሰው ቡናውን አጠንክሮ ይግባ። ሚሪቲኒ ላይ ያው ፍተሻ፣ ያው ውሻ፤ ቆሎው አልቋል። ወንበራችን ላይ እንደተቀመጥን ቀጣዩ የት ይሁን ተባባልን። እኔ ላሙ አልኩ፤ መኪና የማይገባበት አሮጌ ከተማ ነው፣ ፀጥ ያለ። እህቴ ጅቡቲ አለች። «የኔ ኮንቴነሮች እዛ ናቸው» አለች፣ «የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል እዛ ነው የሚራገፈው፣ ባቡሩም ከፉሪ ነው የሚነሳው፣ ከቤቴ ቅርብ ነው።» ሐምሌ ላይ ፈቃድ አላት። ጅቡቲ በሐምሌ ከአርባ ዲግሪ በላይ ነው፣ ሞምባሳ አርባ ሳትደርስ ልብሳችን ላያችን ላይ ተጣብቋል። በጥር ከሆነ እመጣለሁ፣ የጨረቃዋንም ቀን አንቺው አይተሽ ንገሪኝ አልኳት።